ቀበቶ የሌላት መንኮራኩር

«ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ከሶፋ የተረፈ ስፖንጅ ነው» ያለኝ የእህቴ ባል ነው። ያለኝም በዚያ በረዶ በወረደበት እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ፀጉር ቤቱ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ፊት ቆሞ፣ በአንድ እጁ ሻይ እንደያዘ ነው። ሻዩን እንኳ አላስቀመጠም። ሰው ሰውን እንዲህ አድርጎ ሲሰድብ ቢያንስ የያዘውን ያስቀምጣል። እሱ ግን ሰደበኝና ፉት አለ፤ ፉት ብሎ ደግሞ «ስኳር ያንሰዋል» አለ።

የሳቁትንም አልረሳሁም። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ እየላጨ ነበር፤ ለመሳቅ ብሎ ቶንዶሱን አጠፋ። ቶንዶስ አጥፍቶ የሚስቅ ሰው ደህና አድርጎ ሊስቅ አስቦ ነው። ሾፌሩ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ወንበሩ ላይ የነበረው ደንበኛ፣ ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨ፣ የማላውቀውና የማያውቀኝ ሰውዬ፣ እሱም በመስታወቱ ውስጥ አየኝና ከት ብሎ ሳቀ። ያን ሰውዬ ዛሬም መንገድ ላይ ባገኘው አውቀዋለሁ። ከኋላው ባየውም አውቀዋለሁ።

እኔ ሶፋ ነው የምሠራው። አዲስ እሠራለሁ፣ ያረጀ አለብሳለሁ፣ የሰመጠ አነሳለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ላይ ቀርቷል፤ ያስቀረኝ የሒሳብ አስተማሪው ነው፤ እሱንም አልረሳሁትም። የእህቴ ባል ደግሞ መነጽር ይሸጣል። ልብ በሉ፣ ይሸጣል ነው ያልኩት። ዓይን የምትመረምረው ከመጋረጃው ኋላ የምትቀመጠው ዶክተር ናት። እሱ ፍሬም አውጥቶ «ይሄ ፊትዎን ቀጠን ያደርገዋል» የሚል ነው። ግን ነጭ ጋዋን ሰጥተውታል። ጋዋኑን እሁድ እንኳ አያወልቀውም። ነጭ ጋዋን ለብሶ ስለ ጠፈር ሲያወራ ሰው አፉን ከፍቶ ይሰማዋል። ሥጋ ቤቱም ነጭ ጋዋን ይለብሳል፤ እሱን ግን ስለ ከዋክብት የጠየቀው የለም።

እህቴን ካገባ ጀምሮ አንድ ቀን «ጋሼ» ብሎኝ አያውቅም። የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነኝ። «አንተ» ነው የሚለኝ፤ አንዳንዴ «ስማ» ይለኛል። ሠርጋቸው ላይ ከበሩ ሥር፣ የገባ የወጣው ሁሉ ወንበሬን በሚገጭበት ቦታ ያስቀመጠኝም እሱ ነው። እሱን ትቼዋለሁ። ማለቴ፣ አልተውኩትም፤ አሁን ግን የማወራው ስለ ስፖንጁ ነው።

እሁድ እሁድ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ተሰብስበን የጠፈር ፊልም እናያለን። አራት ነን፦ የቤቱ ባለቤት ፀጉር አስተካካዩ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር፣ የእህቴ ባልና እኔ። ሌላው ተላጭቶ የሚሄድ ደንበኛ ነው። እኛ ደግሞ ፊልም ዝም ብለን አናይም፤ ሕግ አለን። አንድ ሰው ፊልሙ ላይ የማይሆን ነገር ካየ «ቁም!» ይላል። ፀጉር አስተካካዩ በሪሞት ያቆመዋል። «ቁም» ያለው ሰው ተነስቶ ቀዳዳው የቱ ጋ እንደሆነ ያሳያል፤ ከዚያ ክርክር ነው። ቀዳዳው ካልተደፈነ ፊልሙ አይቀጥልም። ተደፈነ አልተደፈነም ብሎ የሚፈርደው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ምክንያቱም ቴሌቪዥኑ የሱ ነው።

ቀዳዳ ደግሞ ቶሎ አይደፈንም። አየር በሌለበት እሳት እንዴት ይነዳል? ሌላ ዓለም ላይ ያገኙት ፍጥረት ቋንቋችንን ማን አስተማረው? ይህን ስንል ይመሻል፤ ቤቱ ይዘጋል፤ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። ያ ቴሌቪዥን አንዴ ከጠፋ የነበረበትን አያስታውስም፤ ፍላሹን ሲሰኩት ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው። በሚቀጥለው እሁድ እንደ አዲስ እንጀምራለን፣ እዚያው ቦታ እንደርሳለን፣ እዚያው ላይ እንጣላለን። ይህን ሁሉ ዘመን የጠፈር ፊልም ስናይ የአንዱንም መጨረሻ አላየንም። ማናችንንም ከንክኖን አያውቅም። የእህቴ ባልማ «መጨረሻ መጨረሻ የሚለው መሀሉ ያልገባው ሰው ነው» ይላል።

ሁሉም የየራሱ ቀዳዳ አለው። የሾፌሩ ቀዳዳ መስታወት ነው። «ይቺ መንኮራኩር የጎን መስታወት የላትም» ይላል ኮፍያውን እያስተካከለ። «ወደ ኋላ ስትመጣ በምን ታያለች? ማን ነው መንጃ ፈቃድ የሰጣት?» የፀጉር አስተካካዩ ቀዳዳ ጢም ነው። «ካፒቴኑ ከቤቱ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል ተብሏል። እሺ ጢሙ የታለ? ማን ነው የሚላጨው?» ይህን ሲል ድምፁ ይንቀጠቀጣል። የሙያ ጉዳይ ነዋ።

የኔ ቀዳዳ ቀበቶ ነበር። ፊልሙ የአንዲት ቀይ መንኮራኩር ታሪክ ነው፤ ካፒቴኑና ሰዎቹ የጠፋ ጓደኛቸውን ሊፈልጉ ይሄዳሉ፤ መንገድ ላይ የድንጋይ መዓት ይወርድባቸዋል። መንኮራኩሯ በተመታች ቁጥር ሁሉም ከወንበራቸው እንደ ብስል ፍሬ ይረግፋሉ። ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ እንደገና ይረግፋሉ።

በዚያ በረዷማ እሁድ «ቁም!» ብዬ ተነሳሁ። «ከዋክብት አቋርጦ የሚሄድ ሰው አንድ ቀበቶ አጣ? ታክሲ ውስጥ እንኳ ቀበቶ አለ!»

«ጠፈር ላይ ክብደት የለም» አለ የእህቴ ባል ሻዩን እያማሰለ። «ክብደት የሌለው ሰው ቀበቶ ምን ይሠራለታል?»

«ክብደት ከሌላቸው ለምን ወለል ላይ ወደቁ? ለምን ወደ ጣሪያ አልወደቁም?»

«ወደ ጣሪያ አይወደቅም።»

«ለምን?»

«ጣሪያ ነዋ።»

ፀጉር አስተካካዩ ራሱን ነቀነቀ፤ ግን ለማን እንደነቀነቀ አልታወቀም። እኔም ያን ጊዜ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ በዚያው ያልፍ ነበር። ግን ሙያዬ አላስችል አለኝ። «እንዲያውም ነገሩ ቀበቶ አይደለም» አልኩ። «ወንበሩ ነው። መቀመጫው ጠፍጣፋ ነው፣ ቆዳው ያዳልጣል፣ ጎኑ ድጋፍ የለውም። እንደዚያ ያለ ወንበር በቆመ ቤት ውስጥም ሰው ይጥላል። ደህና ወንበር ግን ሰው ይይዛል፤ ጠፈርም ይሁን ምድር፣ ይይዛል!»

እዚህ ላይ ነው የእህቴ ባል ያንን ያለው። «ተዉት እባካችሁ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ከሶፋ የተረፈ ስፖንጅ ነው።» ከዚያ ፉት።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሜ ስፖንጅ ሆነ። ሾፌሩ ከመንገድ ማዶ «ስፖንጅ፣ እንዴት አደርክ!» ይለኛል፤ በመልካም መንፈስ ነው የሚለኝ፣ ያ ነው የበለጠ የሚያሳርረኝ። አንድ ሰው ወደ ሱቄ መጥቶ «ስፖንጅ እዚህ ነው?» ሲለኝ «ስንት ሜትር ልቁረጥልህ?» አልኩት። «አይ፣ ስፖንጅ የሚባለውን ሰውዬ ነው የምፈልገው» አለኝ። እህቴ ቤት ስሄድ ልጇ ሮጣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና «አጎቴ ስፖንጅ መጣ!» ብላ ጮኸች። ልጅቷን ምን ልበላት? ሳምኳት። እህቴን ግን ወደ ጓዳ ጠርቼ ነገርኳት።

«ቀልዱን ነው፣ ወንድምዓለም» አለች ሽንኩርት እየከተፈች።

«ቀልድ ከሆነ ለምን እኔ አልሳቅሁም?»

«አንተ መቼ ስቀህ ታውቃለህ? የጎረቤት ድመት ያፈጠጠችብህን እንኳ እስካሁን ታወራለህ።»

ስለ ድመቷ አሁን ባልናገር ይሻላል። ሆን ብላ ነበር።

እንግዲህ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ያቺን ቃል በተናገረበት ቦታ ላይ፣ የሳቁት ሰዎች ፊት፣ በራሱ አፍ እንዲመልሳት። ካሳ አልፈለግሁም፣ ሽማግሌ አልፈለግሁም። ቃሏ ትመለስ። ካልተመለሰች ስፖንጅ እንደተባልኩ ላረጅ ነው።

በሚቀጥለው እሁድ ፊልሙ ሳይጀመር ተነስቼ ቆምኩ። «ሰው የማይጥል ወንበር እሠራለሁ» አልኩት። «አንተ ትቀመጥበታለህ። መንኮራኩሯ እንደተናጠችው እንንጥሃለን። ከወደቅህ እስክሞት ስፖንጅ በሉኝ። ካልወደቅህ ግን እዚሁ ቆመህ፣ እነዚሁ ሰዎች እየሰሙ፣ ቃልህን ታነሳለህ።»

«ያ ግማሹን የተላጨው ሰውዬስ?» አለ ሾፌሩ። «እሱም ሰምቶ ነበር እኮ።»

«እሱ ይቅር» አልኩ። ከልቤ ባይሆንም።

የእህቴ ባል መነጽሩን በጋዋኑ ጫፍ ወለወለ። «ቀበቶ የለውም?»

«የለውም።»

«ገመድ? ሙጫ?»

«ምንም። ወንበር ብቻ ነው።»

«እሺ፣ ሥራው» አለ። «እኔ ደግሞ ስወድቅ ጋዋኔን አንተ ነህ የምታጥበው።»

ወንበር ከመሥራቴ በፊት ልኩን መውሰድ ነበረብኝ። እሱን ደግሞ ሜትር ይዤ ዙሪያውን አልዞረውም። እህቴ ቤት ያለውን ሶፋ ለሠርጋቸው የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ሁልጊዜ የሚቀመጠው በቀኝ ጥጉ ነው፤ ሶፋ ደግሞ የተቀመጠበትን ሰው አይረሳም። እህቴ ሻይ ልታመጣ ስትሄድ በእጄ ጉድጓዱን ዳሰስኩት፣ በጣቴ ጠርዙን ተከተልኩት። የግራው ጎን ጠልቋል፤ ተጋድሞ ነው ቴሌቪዥን የሚያየው። አንድ ሰው ላይ ቂም ይዘህ መቀመጫውን እንዲህ በጥንቃቄ ስታጠና ትንሽ ያሳፍራል። ግን ሥራ ሥራ ነው።

ወንበሩን ከፍ ባለ ጀርባ፣ ከታች በጠንካራ፣ ከላይ በለስላሳ ስፖንጅ ሠራሁት። ጎንና ጎኑ ክንፍ አለው። ዋናው ብልሃት ከሥር ነው፦ ከመቀመጫው ሥር በስፕሪንጎቹ መሀል ጠንካራ ሲባጎ አሳለፍኩ፤ ሰው ሲቀመጥ ክብደቱ ሲባጎውን ይስበዋል፣ ሲባጎው ክንፎቹን ይስባል፣ ክንፎቹ ጭኑንና ወገቡን አጥብቀው ያቅፋሉ። ሲንፈራገጥ ደግሞ ይበልጥ ይጠብቃል። እንዴት ይወጣል ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ክርክሩ ስለ መውደቅ እንጂ ስለ መነሳት አልነበረም። እኔ የተጠየቅሁትን ነው የሠራሁት። ሲባጎውን ከሥር፣ በቆዳው ስፌት በኩል መቀስ አስገብቶ መበጠስ ይቻላል፤ የትኛው ስፌት እንደሆነ ግን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

በቀጠሮው እሁድ ወንበሩን ሶፋ በማመላልስበት የእጅ ጋሪ ላይ አስሬ አመጣሁት። ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ወደ ዳቦ ቤቱ ጓሮ የሚወርድ ቁልቁለት መንገድ አለ፤ ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ ጋሪ ሲሄድበት ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ጠፈር ማለት ይሄ ነው ብለን ተስማማን።

ሾፌሩ እጀታውን ይዞ «ያለ መስታወት አልነዳም» አለ።

«ጋሪ ነው እኮ፣ ጋሼ» አለው የእህቴ ባል። እሱን «ጋሼ» ይለዋል። ልብ በሉልኝ።

«ጋሪም ቢሆን! እዚያ ላይ ያላስተካከሉትን እዚህ እናስተካክላለን።» ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛ ማሳያ መስታወቱን አምጥቶ በጋሪው ጎን አሰረለት። ሾፌሩ አየበት፣ ኮፍያውን አቀና፣ ደስ አለው።

የእህቴ ባል ጋዋኑን ሰብስቦ ተቀመጠ። ወንበሩ «እፍፍ» አለና ዋጠው። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲያልፍ አየሁ፤ ተመችቶት ነበር። ለመደበቅ ብሎ ፊቱን አኮሳተረ፤ እኔ ግን አይቻለሁ።

«ዝግጁ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። የሱ ሥራ ድንጋይ መሆን ነበር። እርጥብ ፎጣ እየጠቀለለ አዘጋጅቷል።

ጋሪው ወረደ። ፀጉር አስተካካዩ ከጎን እየሮጠ «ድንጋይ! ድንጋይ!» እያለ ፎጣ ይወረውራል። ከወረወረው ግማሹ እኔን ነው የመታኝ። የእህቴ ባል ጭንቅላቱ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ጉንጩ ይንቀጠቀጣል፣ ከወገቡ በታች ግን እንደ ግድግዳ ነው። ሾፌሩ መስታወቱን አግኝቷልና ዓይኑን ከሱ ላይ አልነቀለም። «ከኋላ ምንም የለም! ከኋላ ነጻ ነው!» እያለ ይጮኻል። ከኋላ እውነትም ምንም አልነበረም። ከፊት ግን የዳቦ ቤቱ የዱቄት ከረጢት ተደርድሯል።

ጋሪው ከረጢቶቹን መታ፣ አንድ ጎማው ተነሳ፣ ቀስ ብሎ በጎኑ ተጋደመ። ዱቄቱ ቦነነ። ሲጠራ አየነው፦ ወንበሩ በጎኑ ተኝቷል፣ የእህቴ ባልም በጎኑ ተቀምጧል። እግሮቹ አየር ላይ ተዘርግተዋል፣ እጆቹ የወንበሩን ክንድ ይዘዋል፣ መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነው። ጋዋኑ ነጭ ስለሆነ ዱቄቱ አልታወቀም። ፊቱ ላይ ነው የታወቀው።

ተንበርክኬ አየሁት። «ወድቀሃል?»

«አልወደቅሁም» አለ ዱቄት እያስነጠሰው። ለማሰብ ጊዜ አላገኘም ነበር።

«ሰማችሁ?» ብዬ ወደ ሁለቱ ዞርኩ። «ሰማችሁ አይደል?»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ» አለ የእህቴ ባል። አሰበ መሰለኝ። ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ነው። «ወድቄያለሁ።»

«እንዴት ነው የወደቅኸው? ተቀምጠህ እኮ ነው የምታወራው!»

«ወንበሩ ወድቋል አይደል? እኔ ወንበሩ ላይ ነኝ። ወንበሩ ከወደቀ እኔም ወድቄያለሁ። ስለዚህ ስፖንጅ ነህ።»

ሾፌሩ ጣልቃ ገባ፤ «አውቶቡስ ሲገለበጥ ተሳፋሪው ወደቀ አይባልም። ተገለበጠ ነው የሚባለው። እኔ ይህን በደንብ አውቃለሁ» አለ፤ ከየት እንደሚያውቀው ግን ማንም አልጠየቀውም።

ፀጉር አስተካካዩ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ዳኛ ሆነ። «ፊልሙ ይታይ» አለ። «መንኮራኩሯ ስትመታ ሰዎቹ ከወንበሩ ተለይተው ነው የሚወድቁት ወይስ ከነወንበሩ? በዚያ እንፈርዳለን።»

«መጀመሪያ ልነሳ» አለ የእህቴ ባል። ገፋ። ወንበሩ አጠበቀ። እንደገና ገፋ፤ ይበልጥ አጠበቀ። «ምንድን ነው ይሄ? ያዘኝ እኮ!»

«ደህና ወንበር ሰው ይይዛል ብዬ ነበር።»

«ልቀቀኝ አንተ!»

«ፍርዱ ይሰጥና» አልኩ።

ከጋሪው ፈትተን፣ ለሦስት ተሸክመን ከነወንበሩ ወደ ፀጉር ቤቱ አስገባነው። ከባድ ነው፤ እህቴ ደህና አድርጋ ነው የምታበላው። ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጥነው። ፀጉር አስተካካዩ ፍላሹን ሰካ፤ ፊልሙ እንደተለመደው ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ሪሞቱን ለኔ» አለ የእህቴ ባል። «የሚፈረደው በኔ ላይ ነው። ቦታው ሲደርስ የማቆመው እኔ ነኝ። እናንተን አላምንም።» ተሰጠው።

ዝም ብለን ጠበቅን። ጓደኛቸው ጠፋ፣ ቀይዋ መንኮራኩር ተነሳች፤ በመሀል ሾፌሩ አንዴ «መስታወት» ብሎ አጉረመረመ። ከዚያ ድንጋዩ መጣ። ሰዎቹ ረገፉ። «ቁም!» ብሎ የእህቴ ባል እጁን በወኔ አነሳ፤ ሪሞቱ ከዱቄታሙ እጁ አመለጠና በጭኖቹ መሀል ሽው ብሎ ገባ። ቆዳው ዋጠው።

ፊልሙ አልቆመም።

«አውጣው!» «አልደርስበትም!» «ተነስ!» «እንዴት ልነሳ!» ሲንቆራጠጥ ጭኑ የሪሞቱን ድምፅ መጨመሪያ ተጫነው፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አለ። በተወራጨ ቁጥር ይጨምራል።

«ቁም!» ብሎ ጮኸ ሾፌሩ። «ሰው የተቀመጠበት ሪሞት እንዴት ይሠራል? ይሄ ቀዳዳ ነው!»

ፀጉር አስተካካዩ በጉልበቱ ተንበርክኮ መረመረ። የሪሞቱ አፍንጫ በሁለቱ ጉልበቶች መሀል ብቅ ብሎ ቀጥ ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ያያል። ጫፉን ይዞ ጎተተው፤ ቆዳው አልለቅም አለ። «ተደፍኗል» ብሎ ፈረደ። ከዚያ ማጥፊያውን ለመጫን ወደ ግድግዳው ሄደ።

ሳይደርስ ካፒቴኑ ከወደቀበት ተነሳ። ከዚህ ወዲያ ያለውን አይተን አናውቅም። ግንባሩን በእጁ ጠርጎ ዞረና «ቀበቶዎቹ የት ሄዱ?» ብሎ ጮኸ። መካኒኩ አንገቱን ደፋ። «ዶክተሩን ከውጭ ስንጎትተው ገመድ አነሰን፣ ካፒቴን። ቀበቶዎቹን ቆርጠን ቀጠልናቸው።»

ዶክተሩ ከውጭ የተጎተተው እኛ ሻይ ልንቀዳ በምንነሳበት ሰዓት መሆን አለበት።

እኔ የጠየቅሁትን ራሱ ካፒቴኑ ጠይቆታል፤ ያውም በሚቀጥለው ትንፋሽ። መልሱ ወንበር አልነበረም። ክብደትም አልነበረም። ያን ሁሉ የተባባልነው፣ እኔም ስፖንጅ የሆንኩት፣ ትንሽ ዝም ብንል በሚመለስ ነገር ነው።

ከዚያ መንኮራኩሯ አንድ ትልቅ ዋሻ ውስጥ ገብታ መውጫ አጣች። ካፒቴኑ «ወደ ኋላ!» አለ። ከግራና ከቀኟ ሁለት ትልልቅ መስታወቶች እንደ ጆሮ ብቅ አሉ። ሾፌሩ ቀስ ብሎ ከመቀመጫው ተነሳ። ኮፍያውን አወለቀ። «ታጣፊ ነው» አለ በሹክሹክታ። «ታጣፊ መስታወት ነው ያላት። እኔ ስንት ጊዜ ሰደብኳት።»

ፀጉር አስተካካዩ እጁ ማጥፊያው ላይ እንዳለ ነበር። ያን ጊዜ በመንኮራኩሯ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ካፒቴኑ ፎጣ አንገቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ታየ። ከኋላው አንድ ሽማግሌ ምላጭ ይዞ ቆሟል። ይላጫል፣ ያወራል፣ ካፒቴኑ ይስቃል።

«ፀጉር አስተካካይ አላቸው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። እጁን ከማጥፊያው አነሳ። «ይህን ሁሉ ዘመን ነበራቸው እኮ!» ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ወንበር ስቦ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተቀመጠ። ሾፌሩም አጠገቡ ሄደ። ሁለቱም ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ ሰው ያለ አልመሰላቸውም።

እኔና የእህቴ ባል ኋላ ቀረን። እሱ ወንበሩ ውስጥ፣ እኔ መቀስ በኪሴ ይዤ ቆሜ።

«ስማ» አለኝ። «እግሬ ደነዘዘ።»

ኪሴ ውስጥ ያለውን መቀስ ነካ ነካ አደረግሁ።

«ሚስቴ እየጠበቀችኝ ነው። እህትህ ናት እኮ።»

«ቃልህን» አልኩ።

ወደ ሁለቱ ጀርባ አየ፣ ወደኔ አየ። ተወራጨ፤ ድምፁ ጨመረ። መስታወቱ ፊት የተደረደሩት ጠርሙሶች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። በመጨረሻ ወደኔ ጠጋ ለማለት ሞከረ፣ ወንበሩ አላስጠጋው ሲል በአንገቱ ብቻ ሰገገ። «እሺ። ስፖንጅ ያልኩህን አንስቻለሁ።»

እኔ ሰማሁት። ጥርት አድርጌ ነው የሰማሁት። ሁለቱ ግን አልዞሩም።

«ጮክ በል።»

«አንስቻለሁ!»

«እነሱ ይስሙ!»

ደረቱን ሞልቶ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ ዱቄታሙ ፊቱ ቀልቶ ጮኸ፤ «ስፖንጅ አይደለም! ጭንቅላቱ ደህና ነው! ቃሌን አንስቻለሁ!» ልክ በዚያች ቅጽበት የጠላት መንኮራኩር ፈነዳች። ሲጮህ ደግሞ ተወራጭቶ ነበርና ፍንዳታው እጥፍ ሆኖ ወጣ። መብራቱ ተወዛወዘ፣ ማበጠሪያዎቹ ከመደርደሪያው ተንጠባጠቡ። ሾፌሩ እጁን አጨበጨበ፤ ለመንኮራኩሯ።

ጠፈር ላይ ፍንዳታ ድምፅ የለውም ብሎ ለወራት የተከራከረን የእህቴ ባል ራሱ ነበር። ያን ቀን ድምፅ ባይኖረው ምን ነበረበት።

ድምፁ ሰለለ። ሌላ ጩኸት አልቀረውም። «ይኸው አልኩ» አለ። «ሁለቴ አልኩ፣ ሦስቴ አልኩ። እነሱ ካልሰሙ እኔ ምን ላድርግ? አንተ ሰምተሃል አይደል? በቃ፣ ቁረጠውና ልውጣ።»

መቀሱን ከኪሴ አወጣሁ። ዓይኑ በራ። ከወንበሩ ሥር ያለውን ስፌት አየሁት፤ ራሴ ነኝ የሰፋሁት፣ ደህና ስፌት ነው። ከዚያ መቀሱን ወስጄ መስታወቱ ፊት፣ ከማበጠሪያዎቹ መሀል፣ ከተቀመጠበት ሆኖ ደህና አድርጎ በሚያየው ቦታ አስቀመጥኩት። ያን ቀን ሻዩን ይዞ የቆመው እዚያች ቦታ ላይ ነበር፤ የሳቁት ሳይሰሙ ቃሏ አልተመለሰችም።

ኮቴን ለበስኩ።

«የት ነው?» አለ። «ኧረ የት ነው? ወንድሜ!»

ሁለቱ አልዞሩም። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ጠፍቶ የነበረው ጓደኛቸው ተገኝቶ ይተቃቀፋሉ መሰለኝ፤ ፀጉር አስተካካዩ አፍንጫውን በደንበኛ ፎጣ ሲናፈጥ ይሰማል። የጀርባውን በር ከፈትኩ። ከቁልቁለቱ ሥር የዳቦ ቤቱ ሰዎች ዱቄት ሲጠርጉ ቀና ብለው አዩኝ፤ የነሱንም አስተያየት በልቤ ያዝኩት።

«ጋሼ!» አለ ከኋላዬ። እህቴን ካገባ ጀምሮ የመጀመሪያው ነው። «ጋሼ፣ ሰሙኝ? ሰምተውኛል አይደል?»

በሩን ቀስ ብዬ ከኋላዬ ዘጋሁና ወርጄ ጋሪዬን አንስቼ እየገፋሁ ዳገቱን ወጣሁ።